የንፋስ ስልክ ሦስት ፊደላት፤ ስለ ቃላት ሥርና ስለ ዝምድናቸው

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል፣ ጎፋን ከነመብራት ኃይሉና ከነቅዱስ ገብርኤሉ አቅፎ የያዘው ክፍለ ከተማ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ተብሎ ይጠራል፤ ይህም ስም በመታወቂያ ወረቀት፣ በታክሲ ረዳት ጥሪና በመሥሪያ ቤት ማኅተም ላይ ዕለት ዕለት ሲጻፍና ሲነገር የሚውል በመሆኑ፣ ሰውም የለመደውን ነገር መመርመር ስለማይወድ፣ በውስጡ ምን እንዳለ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። ቢመረመር ግን ሦስት ቋንቋ በአንድ ስም ተሰብስቦ ይገኝበታል። ላፍቶ ኦሮምኛ ነው፤ የግራር ወገን የሆነ ዛፍ ይጠራበታል። ስልክ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን በዚያ ቋንቋ ክር ወይም ሽቦ ማለት ነው። ንፋስ ደግሞ ከግዕዝ የተወረሰ የራሳችን ቃል ነው። ሽቦ ሳይዘረጋለት መልእክት የሚያስተላልፈው የራዲዮ መሣሪያ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ፣ የዘመኑ ሰዎች ነገሩን በዓይናቸው ያዩትን ያህል አድርገው ‹ንፋስ ስልክ› አሉት፤ ስሙም ጣቢያው ለነበረበት አካባቢ መጠሪያ ሆኖ እስከ ዛሬ ቆየ።

ንፋስ የሚለውን ቃል ከአናባቢዎቹ ለይተን ብንመለከተው ነ፣ ፈ፣ ሰ የሚባሉ ሦስት ፊደላት ብቻ ይቀራሉ። እነዚህንም ሦስቱን፣ ተራቸው ሳይዛነፍ፣ በውስጣቸው የያዙትን ቃላት መጥራት ስንጀምር ነፈሰ፣ ነፋስ፣ ነፍስ፣ ተነፈሰ፣ ትንፋሽ፣ እስትንፋስ፣ መንፈስ፣ መንፈሳዊ እያልን ከመስክ ተነሥተን እስከ ቤተ መቅደስ እንደርሳለን። ቅጠል የሚያወዛውዘው አየር፣ በሰው አፍንጫ የሚወጣው አየር፣ ሰውን ሕያው የሚያደርገው ረቂቅ ባሕርይና ሥጋ የሌለው መንፈስ፣ አራቱም በአንድ ሥር ላይ የበቀሉ ናቸው። ይህም ዝምድና በእኛ ዘንድ ብቻ የታወቀ አይደለም፤ ዕብራውያን ነፍስን ኔፌሽ፣ ዐረቦችም ነፍስ ብለው ሲጠሯት እነዚያኑ ሦስት ፊደላት ይጠብቃሉ። ስለዚህ የክፍለ ከተማውን ስም የጻፈ የጽሕፈት ሠራተኛ፣ ሳያስበው፣ ከኦሪት ዘፍጥረት ጀምሮ የሚወርድ የቃል ዘር በብዕሩ ይነካል ማለት ነው።

አሁን ልንመረምረው የምንወደው ጥያቄ ይህ ነው፦ ብዙ ቃላት አንድ ዓይነት ፊደላትን በአንድ ዓይነት ተራ ይዘው ሲገኙ፣ ነገሩ ዝምድና ነው ወይስ የአጋጣሚ መመሳሰል? መልሱ እንደየቋንቋው ጠባይ ይለያያልና፣ ልጆቻችን በትምህርት ቤት ከአማርኛ ጎን የሚማሩትን እንግሊዝኛን አስቀድመን እንመልከት።

የጎፋ ተማሪ፣ እንደ ማንኛውም የአገራችን ተማሪ፣ የእንግሊዝኛን አጻጻፍ ለማጥናት ሲቸገር ቃላትን በጋራ ፊደላቸው እየሰበሰበ መያዝ ይወዳል። ለምሳሌ ኤ፣ አር፣ ቲ የሚባሉት ሦስት ፊደላት ተከታትለው የሚገኙባቸውን ብንሰበስብ፣ አርት ጥበብ ነው፣ ካርት ጋሪ ነው፣ ፓርት ክፍል ነው፣ ስታርት መጀመር ነው፣ ሃርት ልብ ነው፣ ኧርዝ ደግሞ ምድር ነው፤ በስድስቱም ቃላት ውስጥ ሦስቱ ፊደላት ሳይፋለሱ ተሰልፈው ይታያሉ። ነገር ግን ጥበብና ክፍል ከላቲን የመጡ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ጋሪው ከሰሜን ሰዎች ቋንቋ ገባ፤ ልብና ምድርም ከጥንቱ እንግሊዝኛ የተወረሱ ሆነው እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም። ፊደላቱ አንድ ቦታ ላይ መገናኘታቸው ለቃል አጥኚው ተማሪ መጠነኛ እገዛ ይሰጠው እንደ ሆነ ነው እንጂ ስለ ትርጕም አንዳች ነገር አይነግረውም።

ከዚህም የሚብስ አለ። ኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች የሚባሉት አራት ፊደላት አንድ ላይ ሲጻፉ፣ በአንዱ ቃል ኦ፣ በሌላው ኡ፣ በሦስተኛው አፍ፣ በአራተኛው ኦፍ፣ በአምስተኛው አው ተብለው ይነበባሉ፤ ዞው፣ ስሩ፣ ታፍ፣ ኮፍ፣ ባው የሚሉትን ቃላት የተማረ ሁሉ ይህን መከራ ያውቀዋል። የዚህም ምክንያት በታሪክ የታወቀ ነው። ጂና ኤች አንድ ላይ ሆነው በጥንት ዘመን ከጉሮሮ የሚወጣ፣ ለእኛ ኀ የቀረበ ድምፅ ነበራቸው። ዊልያም ካክስተን በ1476 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ማተሚያ በዌስትሚንስተር ሲተክል የቃላቱ አጻጻፍ በጥንቱ አነባበብ መሠረት መርጋት ጀመረ፤ የሰው አንደበት ግን አልረጋምና፣ ያ የጉሮሮ ድምፅ ከእንግሊዞች አፍ ቀስ በቀስ ጠፍቶ በአንዳንዱ ቃል ወደ ፈ ተለወጠ፣ በአንዳንዱም ፈጽሞ ተሰወረ። ሌሊትን እነርሱ ናይት ብለው ሲጠሩ የማይሰማውን ጂና ኤች እስከ ዛሬ ይጽፋሉ፤ ጀርመኖች ግን ናኽት ብለው ድምፁን ከነጉሮሮው ያሰሙታል። የማይነበበው ፊደል ከዘመዳቸው ከጀርመንኛ ጋር የሚያገናኛቸው ምልክት ሆኖ ቀርቷል። ይህን ነገር ልብ ይሏል፤ ወደ እኛው ሐ እና ኀ ስንመጣ ያስፈልገናልና።

እርግጥ እንግሊዝኛም ከላቲን በወሰደው ሀብቱ ውስጥ እውነተኛ ዝምድና አለው፤ ስክሪፕት የሚለው የፊደላት ሰልፍ በእጅ ጽሑፍም፣ በቅዱስ መጽሐፍም፣ በሐኪም የመድኃኒት ማዘዣም ስም ውስጥ ቢገኝ፣ ሁሉም ‹ጻፈ› ከሚለው የላቲን ግስ የተወለዱ ናቸው። ነገር ግን ይህ ለእንግሊዝኛ አንድ ክፍል ነው። ለግዕዝና ለአማርኛ ግን የቋንቋው መላ አካል የቆመው በዚህ ሥርዐት ላይ ነው።

የሥርዐቱ ነገር እንዲህ ነው። ፊደላቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሆነው፣ የቃሉን መሠረተ ሐሳብ ይይዛሉ፤ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ እያሉ የሚለዋወጡት አናባቢዎች ደግሞ ያን ሐሳብ ወደ ድርጊት፣ ወደ አድራጊ፣ ወደ ቦታ ወይም ወደ መሣሪያ ይመልሱታል። ፊደላቱ አጥንት፣ አናባቢዎቹ ሥጋ ናቸው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ከፊት መ የምትባለውን ፊደል ቢጨምሩበት ነፈሰ መንፈስ፣ ነገሠ መንግሥት፣ ቀደሰ መቅደስ፣ ጸሐፈ መጽሐፍ፣ ነበረ መንበር ይሆናል፤ ይህችው መንበርም በሕዝብ አፍ ወንበር ሆና በየቡና ቤቱ ደጅ ትዘረጋለች። አንድን ቃል የተማረ ሕፃን የቀሩትን ሳይማር ማወቅ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን በተግባር ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከጎፋ መብራት ኃይል ተነሥቶ ወደ ቀለበት መንገድ የሚሄድ ሰው የሚያነባቸው ጽሑፎች ይበቃሉ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ይላል አንዱ፤ የእንግዳ ማረፊያ ይላል ሌላው፤ እግሩ የሚረግጠው መንገድ ነው፤ በመንገዱ ዳር ሸቀጡን የዘረጋው ነጋዴ ነው። ንግድ፣ ነጋዴ፣ መንገድ፣ እንግዳ፤ በአራቱም ውስጥ ነ፣ ገ፣ ደ በተራቸው ቆመዋል። በዘመናችን አስተሳሰብ ባንክና እንግዳ ማረፊያ፣ አስፋልትና ጉልት ምን ያገናኛቸዋል? የግዕዙ ነገደ ግን ምሥጢሩን ይገልጠዋል፤ በመጀመሪያ ነገደ ማለት ተጓዘ ማለት ነበርና። በዚያ ዘመን የሚነግድ ሰው ሱቅ ከፍቶ የሚቀመጥ ሳይሆን ጨው፣ ቡናና ዝባድ ጭኖ አገር ለአገር የሚሄድ ሰው ነበረ። የሚሄድበት መንገድ ተባለ፤ ሥራው ንግድ ተባለ፤ ራሱ በደረሰበት አገር ሲታይ፣ ከሩቅ የመጣ ነውና፣ እንግዳ ተባለ። የሲራራው ነጋዴ ዘመን ካለፈ በኋላ ግመሉና በቅሎው ጠፍተዋል፤ የባንክ ገንዘብ ከሰው ጉዞ ይልቅ በሽቦ ይሄዳል፤ የቃሉ አጥንት ግን የጥንቱን ሲራራ በውስጡ ይዞ፣ የሚያነበው ሰው ቢገኝ፣ ታሪኩን ለመናገር የተዘጋጀ ነው። እንግሊዞች ለእነዚህ ለአራቱ ነገሮች ትሬድ፣ መርቻንት፣ ሮድ፣ ጌስት ሲሉ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግር አንድም የጋራ ሥር አይገኝም። የእኛ ቋንቋ በዚህ ረገድ ራሱ የታሪክ መዝገብ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የጤና ጣቢያው ማስታወቂያም የራሱን ትምህርት ይሰጣል። የሕፃናት ክትባት የሚለውን ጽሑፍ ያነበበች እናት፣ አያቷ በአንገታቸው ያስሩት ከነበረው ክታብ ጋር አንድ ሥር እንዳለው ላታስተውል ትችላለች። ከተበ በግዕዝ ጻፈ ማለት ነው፤ ዐረቦች መጽሐፍን ኪታብ፣ ጸሓፊን ካቲብ፣ መሥሪያ ቤትን መክተብ ብለው የሚጠሩት ከዚሁ ነው። በእኛ ዘንድ ብራና ላይ የተጻፈው ጸሎት ክታብ ተባለ፤ በስለት ጫፍ ገላን እየጫሩ መድኃኒት ማስገባትም ከመጻፍ ጋር ተመሳስሎ ክትባት ተባለ። ጠንቋዩና ሐኪሙ በአሳብ ቢለያዩ፣ ቃላቸው ከአንድ ቀለም ቀንድ የተቀዳ ነው።

ይሁን እንጂ ዝምድናው ሁልጊዜ እንዲህ በግልጽ አይታይም፤ አንዳንድ ፊደላት ደካሞች ናቸውና በመንገድ ይወድቃሉ፣ ወይም መልካቸውን ይለውጣሉ። ወ እና የ ከዋነኞቹ ናቸው። ቆመ የሚለው ግስ ለዓይን ሁለት ፊደል ብቻ ይመስላል፤ ሥሩ ግን ቀ፣ ወ፣ መ ነው፤ ወ በመካከል ተውጣ የቀረች ናት። በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 ንግሡ ሲከበር ሊቃውንቱ ተደግፈዋት የሚቆሟትና ወረብ ሲያቀርቡ የሚያነሡአት ዘንግ መቋሚያ ትባላለች፤ መንግሥት በዐዋጅ የሚያቆመው ድርጅት ተቋም ይባላል፤ ሰው ጸንቶ የያዘው ሐሳብ አቋም ይባላል፤ የሰው ልክ ቁመት ነው። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የተሰወረችው ወ በአንድ ቃል ላይ ሳታፍር ብቅ ትላለች፤ ይኸውም ተቃዋሚ በሚለው ነው፤ ትርጕሙም ፊት ለፊት የቆመ ማለት ነው። እንግዲህ የደብተራው መቋሚያ፣ የመንግሥቱ ተቋምና የፖለቲካው ተቃዋሚ በአንድ ቤት ያደጉ ወንድማማቾች ሆነው ይገኛሉ። ወለደ የሚለውም እንደዚሁ ነው፤ በትውልድና በወላጅ ላይ ወ ቆማለች፣ በልደት ግን ወድቃለች፤ ልጅ በሚለው ቃል ውስጥም ወ ከመውደቋ በላይ ደ ወደ ጀ ተለውጣለችና ከሦስቱ ሳትለወጥ የቀረችው ለ ብቻ ናት። ትንፋሽ በሚለው ሰ ወደ ሸ፣ ለማኝ በሚለው ነ ወደ ኘ የተለወጡት በዚሁ በአማርኛ ልማድ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን የጉሮሮ ፊደላት ነገር ነው። ግዕዝ ጸሐፈ ይል የነበረውን አማርኛ ጻፈ ይላል፤ መካከለኛዋ ሐ ከአንደበታችን ጠፍታለች፤ በመጽሐፍ፣ በጽሕፈትና በጸሓፊ ላይ ግን እንደ ተከበረች አለች። ነሥአ ነሣ ሆኗል፤ ትንሣኤ በሚለው ታላቅ ቃል መጨረሻ ላይ ግን አ ራሷን አቅንታ ትታያለች። ኀተመ የሚለውን በአንድ የጎፋ ማተሚያ ቤት ደጅ ላይ በተሰቀለ ሰሌዳ ማየት ይቻላል፤ ‹ማኅተም፣ ኅትመት› ብሎ ኅን ከጻፈ በኋላ፣ ከዚያው በታች ‹ማተሚያ ቤት› ሲል ኀን ጥሏታል፤ ጸሓፊው ግን አልተሳሳተም፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቃላት ከግዕዝ በቀጥታ የተወረሱ፣ ሦስተኛው በአማርኛ አንደበት የተፈጨ ነው። አንዲት የቆርቆሮ ሰሌዳ በሦስት ቃል ሁለት ዘመን ታሳያለች።

የሞክሼ ፊደላት ክርክር የሚነሣው ከዚህ ነው። ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሠና ሰ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ስለ ሆነ፣ ከየወገኑ አንዱን ብቻ አስቀርተን ሌላውን ብንተው ምን ይጐዳናል የሚሉ ሰዎች በየዘመኑ ተነሥተዋል፤ የሕፃናትን ድካም ለማቃለልና የማተሚያውን ሥራ ለማፋጠን ያሰቡት በቅንነት መሆኑንም አልጠራጠርም። ነገር ግን የሚጐዳን ነገር አለ፤ ይህንንም ጮክ ብዬ መናገር እወዳለሁ። ትምህርትና ምሕረት የሚሉትን ሁለት ቃላት እንውሰድ። የመጀመሪያው ከመሀረ የመጣ ነው፤ አስተማረ ማለት ነው፤ መምህርም ከዚያው ነው። ሁለተኛው ከመሐረ የመጣ ነው፤ ይቅር አለ ማለት ነው፤ መሓሪም ከዚያው ነው። ማሕሌት ከሐለየ ነው፤ ሐለየም ዘመረ ነው፤ ኅሊና ከኀለየ ነው፤ ኀለየም አሰበ ነው። ምሥራቅ ከሠረቀ ነው፤ ፀሓይ ወጣች ማለት ነው፤ ስርቆት ደግሞ ከሰረቀ ነው። ሥዕል ከሠዐለ፣ ለታቦት የሚገባው ስእለት ከሰአለ ነው። እነዚህን በአንድ ፊደል ብንጽፋቸው መምህሩ ከይቅር ባዩ፣ ዜማው ከአሳቡ፣ የፀሓይ መውጫውም ከሌባው ሥራ ጋር በአንድ ሥር ተጠርዘው ይቀራሉ፤ የኋላ ትውልድ ዝምድናን በፊደል ለመፈለግ ሲነሣ ኤ፣ አር፣ ቲን እንደ ሰበሰበው ተማሪ የአጋጣሚ መመሳሰል ብቻ ያገኛል። ድምፃቸው ከአማርኛ ቢጠፋም በትግርኛ ተናጋሪ ወንድሞቻችን አንደበት ሐና ዐ ዛሬም ከጉሮሮ ይሰማሉ፤ ስለዚህ ፊደላቱን መጠበቅ ሙታንን መጠበቅ አይደለም። እንግሊዞች የማይሰማውን ጂና ኤች ይህን ሁሉ ዘመን ተሸክመው ከኖሩ፣ እኛ ትርጕም የሚለዩልንን ፊደላት ለመጣል የምንቸኩልበት ምክንያት አይታየኝም።

ይህን የፊደላት ዝምድና መጀመሪያ ያስተዋለ የውጭ ሊቅ አይደለም። በዋሸራ፣ በጎንጅና በዋድላ የቅኔ ቤቶች ተማሪው ከምሽት እስከ ሌሊት ግስ ሲያወርድ፣ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ፣ አእመረ፣ ባረከ፣ ሤመ፣ ብህለ፣ ቆመ የሚሉትን ስምንቱን አርእስተ ግስ ይዞ፣ እያንዳንዱን አዲስ ግስ ከሚመስለው ራስ በታች ያሰልፈው ነበር፤ የቅኔ ኅብርም፣ አንዱ ቃል ሁለት ሥር እንዲመስል አድርጎ ምሥጢር መሠወር፣ ሥርን ጠንቅቆ ለማያውቅ የተከለከለ ጥበብ ነው። አውሮፓውያን ይህን ከእኛ ሰዎች ነው የተማሩት። የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ በ1649 እ.ኤ.አ. በሮም ከጀርመናዊው ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኝተው፣ ኋላም በ1652 እ.ኤ.አ. እስከ ጎታ ድረስ ሄደው አስተማሩት፤ የሉዶልፍ የግዕዝ መዝገበ ቃላት በ1661 እ.ኤ.አ. ሲታተም አስተማሪው ወደ አገራቸው ሲመለሱ በባሕር ሰጥመው ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ አውግስጦስ ዲልማን በ1865 እ.ኤ.አ. ታላቁን የግዕዝ መዝገበ ቃላት በላቲን ፍቺ አሳተመ።

ለእኛ ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚልቀው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ሥራ ነው። መምህራቸው መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን መዝገብ ተቀብለው፣ በኢየሩሳሌም በቆዩባቸው ረጅም ዓመታት ዕብራይስጡንና ዐረብኛውን ከግዕዙ ጋር እያስተያዩ አስፋፉት፤ በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ ገና አልታተመም ነበር። ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ አደራውን ተረክበው ‹መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ› በሚል ርእስ በ1948 ዓ.ም. ለብርሃን አበቁት፤ የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላትም በ1962 ዓ.ም. አሳተሙ። በኪዳነ ወልድ መዝገብ ቃል መፈለግ ራሱ አንድ ትምህርት ነው። መጽሐፍን በመ፣ ትንሣኤን በተ ሥር የሚፈልግ ሰው አያገኘውም፤ የተጨመረውን ፊደል ከፊት፣ ትርፉንም ከኋላ አንሥቶ፣ የወደቀውን መልሶ፣ ጸሐፈን በጸ፣ ነሥአን በነ መፈለግ አለበት። በዚያ ላይ ደግሞ የፊደሉ ተራ ሀለሐመ ሳይሆን አበገደ ነው። ከዘመኑ ተማሪዎች ብዙዎች ይህ አስቸግሯቸው መጽሐፉን ሲዘጉት አይቻለሁ፤ ያሳዝናል፤ በር ከፍቶ ለመግባት ጥቂት ትዕግሥት ብቻ ነበር የቀራቸው።

ከዚህ በኋላ ግን ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል፤ ሥር ፈላጊ ሰው አንዳንድ ጊዜ ጉጉት ያስተዋል። ጎፋ የሚለውን ስም አይቶ ገ እና ፈ ስላሉበት ብቻ ከገፋ፣ ከግፍና ከግፉዓን ጋር ለማዛመድ፣ ‹በግፍ የተነሡ ሰዎች የሰፈሩበት ነው› የሚል ታሪክ ለመፍጠር የሚቃጣው አይጠፋም። ግፍና ገፋ ገፍዐ ከሚለው የግዕዝ ግስ ተወልደዋል፤ ጎፋ ግን በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በሳውላ ዙሪያ የሚኖር የራሱ ቋንቋ ያለው ሕዝብ ስም ነው፤ ቋንቋውም የኦሞ ወገን ስለ ሆነ የግዕዝ ግስ አይገዛውም። ላፍቶንም ለፋ ከሚለው ጋር ማዛመድ እንዲሁ ከንቱ ነው። ሰፈር የሚለው ቃል ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይሻል። ሰፈረ ሁለት ፍቺ ይዞ ይገኛል፤ በአንድ በኩል እህል በቁና ለካ ማለት ነው፤ መስፈሪያ፣ መስፈርት፣ ስፍር ቁጥር የሌለው የምንለውም ከዚያ ነው፤ በሌላ በኩል ሠራዊት ድንኳን ተክሎ ዐረፈ ማለት ነው፤ የአዲስ አበባ ሰፈሮች በየመኳንንቱ ስም መጠራታቸው በየጭፍራቸው ዙሪያ ከሰፈሩበት ዘመን የቀረ ነው። እህል ለኪዋና ድንኳን ተካዩ በፊደል ስለ ተገናኙ ብቻ ዘመዳሞች ናቸው ብሎ መፍረድ አይገባም። የፊደል ተራ አንድ ምስክር ነው፤ የትርጕም ስምምነት ሁለተኛው ነው፤ በአንድ ምስክር ብቻ መፍረድም አይገባም።

የሥሩን ኃይል ከሁሉ አብልጦ የሚያሳየኝ ቋንቋችን የባዕድ ቃል ሲቀበል የሚያደርገው ነገር ነው። ሞናኮስ የሚለው የግሪክ ቃል ከገዳማዊ ሕይወት ጋር ወደ ግዕዝ በገባ ጊዜ እንደ ገባ አልተተወም፤ አበው መ፣ ነ፣ ኰ፣ ሰ ብለው አራት ፊደል አወጡለትና መነኰሰ፣ መነኵሴ፣ መነኰሳት፣ ምንኵስና፣ አመነኰሰ እያሉ እንደ ገዛ ልጃቸው አበዙት። ፊሎሶፊያ የሚለውም ፈ፣ ለ፣ ሰ፣ ፈ ሆኖ ፈላስፋን፣ ፍልስፍናን፣ ተፈላሰፈን ወለደ። ዛሬ በጎፋ ጎዳናዎች የሚሰሙት የእንግሊዝኛ ቃላት ግን እንዲህ አልተፈቱም፤ ወጣቱ ቻርጅ አደረግሁ፣ ኮፒ አደረግሁ፣ ሼር አድርጊ እያለ፣ የባዕዱን ቃል እንዳለ አቁሞ ከኋላው አደረገ የምትለዋን ረዳት ግስ ያስከትልለታል። ይህ ቃሉ ከደጅ የመቆሙ ምልክት ነው፤ አጥንቱ አልተቈጠረም፣ አድራጊም ቦታም መሣሪያም አላወጣም። የገዛ ግሳችን ሥራውን በወሰደበት ስፍራ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሥዕልና ጽሑፍ በማኅበራዊ መገናኛ ላይ ማኖርን ለጠፈ ብለው ከጠሩ በኋላ ልጥፍ፣ ለጣፊ፣ ተለጠፈ፣ አስለጠፈ የሚሉት፣ ማንም ሳያስተምራቸው፣ በራሳቸው ተከትለው መጥተዋል።